የያዘውን የማይለቅ

ውረድ፣ ቤሲክ። ገና አንድ ክንድ ነው የወጣኸው፣ ውረድ።
ቀበቶህን ልየው፤ ዛፉ የትም አይሄድ።
ስፌቱን በጥፍሬ ልከተል፣ ባትሪ አብርቼ ልየው፤
ሙጫ የነካው ክር ከውስጥ ነው የሚያልቀው።
ዘለበቱን ዝጋ፤ ክፈት፤ ደግመህ ዝጋ፤
ቀጭ ሲል ጆሮዬ ይስማው፣ ገና ሳይነጋ።

“ሽማግሌው ጁምበር ጀመረው” ትላለህ በሆድህ።
ሳቅ። እኔም ስቄያለሁ በሃያ ዓመቴ፣
ገመድ የታጠቀ ሰው ሳይ፣ ሲያልፍ በቤቴ።
ያኔ እዚህ ራጫ ተራራ ላይ፣ ወንድ የሚባለው
ሠላሳ ሜትር ጥድ በባዶ እጁ የሚወጣው፣
ጫፉ ላይ እንደ ሻማ የቆመውን ፍሬ
ቁልቁል ሳያይ ቀንጥሶ በጆንያ የሚሞላው።
አባትህ ሙርማን ደግሞ ከሁላችን ይበልጥ ነበር፤
ሲወጣ ቅርፊት አይረግፍ፣ ወፍ እንኳ አይበር፤
ጫፉን አወዛውዞ፣ መሬት ሳይነካ፣
ካንዱ ጥድ ወዳንዱ ይሻገር ነበር።

የሞተው ግን ጫፍ ላይ አይደለም።
ሰው ይህን ሲያወራ በትክክል አያወራም።
ጫፍ ላይማ ፍርሃት ራሱ ይጠብቅሃል፤ እጅህ እንጨት ይነክሳል።
ሲመሽ ነው፣ ሲወርድ፣ ጆንያው ሞልቶ፣
ከቤት ጣሪያ በማይበልጥ ከፍታ፣ ድምፅ ሰምቶ።
“የደላላው መኪና ሊሄድ ነው!” አልኩት።
ያልኩት እኔ ነኝ። ከታች ሆኜ ጠራሁት።
ሁለቱንም እጁን ለቀቀ፦
አንዱን ለጆንያው፣ አንዱን ለኔ፣ “መጣሁ” ሊለኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ።
ለቀምኩ። ሰዎች እሱን ሲሸከሙ
እኔ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ
ፍሬውን ለቀምኩት በባትሪ፣ ከሣር ውስጥ፣ አንድ ሳይቀር።
ሃያ ሦስት ኪሎ።
ደላላው መዝኖ ከፈለ።
እናትህ ማኳላ ገንዘቡን ተቀብላ ቆጠረች፤
ደግማ ቆጠረች፤
የምትለው አጥታ።

እንግዲህ ስማ። ሁለት ገመድ አለህ፣ ሁለት መንጠቆ።
አንዱ ሲይዝ ሌላው ይሄዳል፣ ልክ እንደ እግር፤
ማን አለ ሁለት እግሩን ባንዴ አንስቶ የሚራመድ?
ግንዱን አዙረህ እሰር፣ ከወፍራም ቅርንጫፍ በላይ፤
ደረቁን አትመን፣ ቢመስልም የቆመ ለዘላለም።
ግንዱ ቀጥኖ በአንድ እጅህ ስትጨብጠው፣ ይብቃህ፤
ከዚያ በላይ ያለውን ለወፎቹ ተው።
ስትወርድም እንዲሁ። ስትወርድ ይበልጥ።
እግርህ ሣሩን እስኪረግጥ ገና ዛፍ ላይ ነህ።

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ሲባል
ስድብ ይመስለኝ ነበር።
ዛሬ ግን እልሃለሁ፦ መሬት ላይ ብልህ ሁን፤
ከእግርህ ስር አየር ሲሆን
ሞኝ ሁን።

“ያዝኩ” በለኝ። እኔ ከታች “ልቀቅ” እላለሁ።
ሳልል አትለቅም። ዝናብ ቢመጣ፣
ደላላው ጥሩምባ ቢነፋ፣
እኔ ራሴ ብጠራህ እንኳ፤
በተለይ እኔ ብጠራህ።

ይህ ፍሬ ባሕር ተሻግሮ ይዘራል አሉ፣ ዴንማርክ ድረስ፤
ዛፉ ሰው አክሎ ሲቆም ይቆረጣል፣
ለገና ሳሎን ይገባል።
ደላላው ፎቶ አሳይቶኛል፦
ኮከብ ጫፉ ላይ ሊሰቅል ወንበር ላይ የቆመ ልጅ፣
አባቱ ከኋላ ወገቡን ይዞታል፣
በሁለት እጁ።
ለአንድ ወንበር ከፍታ!
ብዙ አየሁት ያንን ፎቶ። ስልኩን እስኪነጥቀኝ።

በል፣ ውጣ።
ቅርፊት ዓይኔ ውስጥ ይረግፋል፤ ፊቴን አላዞርም።
ቀጭ።
“ያዝኩ!”
ልቀቅ።
ቀጭ።
“ያዝኩ!”
ልቀቅ፣ ልጄ።
ጭጋጉ ጫማህን ዋጠው፤ አሁን ድምፅህ ብቻ ነው የቀረኝ።
ዝም ስትል፣ ጆሮዬ ካንተ ቀድሞ
ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይወጣል፣
ያለ ገመድ።